ጓንጉል የለበሰው ባቡር

ይህን ታሪክ ከሌላ ሰው አልሰማሁትም። ስምንት ወር ሙሉ ከጋሽ ጓንጉል ጀርባ ቆሜ ያየሁት ነው። ለምን ከጀርባው እንደቆምኩ በኋላ እነግራችኋለሁ፤ ካሁኑ ከነገርኳችሁ ገና ሳልጀምር ትታዘቡኛላችሁ።

የከተማችንን ስም ተዉት። ባቡር ቆሞበት የማያውቅ የባቡር ጣቢያ እንዳላት ብቻ እወቁ። ጣቢያው የድንጋይ ነው። ደወል አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ከተራራው ሥር ወጥቶ በፊቱ አልፎ ወደማናውቀው አገር የሚሄድ ሀዲድም አለው። ሀዲዱን የዘረጉት ሰዎች ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ለሸንጎው አንዲት ደብዳቤ፣ አንድ ቀይና አንድ አረንጓዴ ባንዲራ ትተው ሄዱ። ደብዳቤዋ "ባቡሩ በቅርቡ ይደርሳል፤ የአሠራር መመሪያው ከመጀመሪያው ባቡር ጋር ይላክላችኋል" ትላለች። ይኸው ሠላሳ ሁለት ዓመት አለፋት።

መመሪያ ባይኖር ሽማግሌ አለ። የያኔዎቹ ሽማግሌዎች ባንዲራዎቹን አገላብጠው አይተው ነገሩን በአንድ ከሰዓት ፈቱት። ለእንግዳ የሚጎዘጎዘው ቄጤማ ነው፤ ቄጤማ አረንጓዴ ነው፤ ስለዚህ አረንጓዴው "እንኳን ደህና መጣህ፣ ግባ" ማለት ነው። ቀይ ደግሞ ደም ነው፤ ደም ያየ ወደመጣበት ይመለሳል፤ ስለዚህ ቀዩ "ሂድ ከዚህ" ማለት ነው። ነገሩ እንዲህ ግልጽ ሆኖ ሳለ መመሪያ ለምን እንዳስፈለገ እየገረማቸው ተለያዩ።

ባንዲራዎቹን የሚይዝ ሰው ሲፈለግ ጓንጉል ተገኘ። ያኔ ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር። ልብስ ሰፊዋን አትጠገብን ባገባ በሦስተኛው ሳምንት ባርኔጣ ተሰጠውና ሁለቱም ጣቢያው ቤት ገቡ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ይነሳል፣ ሀዲዱ ላይ ይንበረከካል፣ ጆሮውን ከብረቱ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ከዚያ ቀጥ ብሎ ይቆምና አረንጓዴውን ባንዲራ ከፍ አድርጎ ይለማመዳል፤ አጣጥፎም ይገባል። ቀዩን ከሳጥን አውጥቶት አያውቅም። "እንግዳ ለማባረር ልምምድ አያስፈልግም" ይላል። ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሳይሞት እውነተኛ ባቡር በአረንጓዴ ባንዲራ መቀበል።

ሰውዬውን መከራ ውስጥ የከተተው ግን ባቡሩ አይደለም፤ የልብሰ ሙያ ቀን ነው። ክረምት በወጣ በአሥረኛው ቀን የከተማችን ሰው ሁሉ የገዛ ሙያውን ለብሶ አደባባይ ይወጣል። ዳቦ ጋጋሪው የዳቦ ካባ ይደርባል፤ የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ያጅበዋል። ሸክላ ሠሪዋ ከአንገቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገል ለብሳ ስትመጣ ሳትታይ ትሰማለች። ማመልከቻ ጸሐፊው በወረቀት ሱሪ ሰማይ ሰማዩን እያየ ይቆማል። ፀጉር ቆራጩ የደንበኞቹን ፀጉር ሰፍቶ ስለሚለብስ፣ ራሰ በራው ሁሉ ደረቱ ላይ የጥንት ፀጉሩን ሲፈልግ ይውላል። ነፃ የተደረገው መቃብር ቆፋሪው ብቻ ነው፤ እሱንም ሸንጎው ነፃ ያወጣው በሙሉ ድምፅ ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ ሙያውን መልበስ ያልቻለ ሙያ የለውም፣ ሙያ የሌለው ደግሞ በሙያው ያገኘውን ቤት ያስረክባል።

ጓንጉል ሠላሳ ዓመት ባርኔጣውን ደፍቶ፣ አረንጓዴ ባንዲራውን ይዞ ሲወጣ ማንም ምንም አላለውም። በሠላሳ አንደኛው ግን አዲስ የልክ ሹም ተሾመ። የልክ ሹም ማለት በበዓሉ ቀን የእያንዳንዱን ሰው ልብስ እየመረመረ "ልክ ነው"፣ "ልክ አይደለም" የሚል ባለሥልጣን ነው። አዲሱ ሹም ደምመላሽ ይባላል። ገና ወንበሩ አልሞቀለትም ነበርና ጓንጉልን ከእግር እስከ ራሱ ተመለከተው።

"ጋሽ ጓንጉል፣ ይሄ ባርኔጣ የማን ሥራ ነው?"

"የባርኔጣ ሰፊው።"

"ባንዲራውስ?"

"እሱማ የሸማኔ ነው።"

"ታዲያ የእርስዎ የቱ ነው?"

ጓንጉል ትንሽ አሰበ። "የኔ ሥራ መጠበቅ ነው፣ ጌታዬ።"

"እሺ፤ እንግዲያው መጠበቅዎን ይልበሱትና ይምጡ" አለ ደምመላሽ። "እስከ መጪው በዓል ጊዜ አለዎት። ያኔም ካልለበሱት ጣቢያው ይዘጋል፣ ቤቱም የገብስ መጋዘን ይሆናል።"

አደባባዩ ሳቀ። ፀጉር ቆራጩ ደረቱ እስኪረግፍ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ መካድ አልችልም።

ጓንጉል ቤቱ ገብቶ እራቱን ሳይነካ ተቀመጠ። የከነከነው ቤቱ አልነበረም። "እኔ ከዚህ ከወጣሁ ማን ያነሳለታል?" አለ። "ባቡሩ ሲመጣ ባንዲራውን ገብስ ያነሳለታል?"

አትጠገብ መርፌዋን ጨርቅ ላይ ሰካች። "መጠበቅ አይሰፋም" አለች። "ባቡር ግን ይሰፋል።"

"ባቡር አይቼ አላውቅም እኮ!"

"ማንስ አይቶ ያውቃል? ተሳስተሃል የሚልህ የለም።"

በዚህ ተጀመረ። ከወፍጮ ቤት የተጣለ ትልቅ የወንፊት ክብ ለምነው አመጡ፤ እሱ ወገቡን ዞሮ እንደ ጠረጴዛ ተዘረጋ። ሀዲዱ የተሠራው ከአራት ስብርባሪ ጃንጥላዎች ሽቦ ነው፤ በሀዲዱ ሥር የተረበረቡት እንጨቶች ደግሞ የክብሪት እንጨቶች ናቸው። ባቡሩ ራሱ የሰርዲን ቆርቆሮ ነበር፤ ጎማዎቹ የካፖርት ቁልፎች፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ሞተር የአትጠገብ ቀስቃሽ ሰዓት። ጓንጉል ሰዓቱን በፈታ ጊዜ ደወሉን መለየት ስላቃተው፣ ባቡሩ ሦስት ዙር በሄደ ቁጥር ሰው እንደሚቀሰቅስ ያንጫርራል።

አስቸጋሪው የጓንጉል ሆድ ነበር። ክቡን ከፊት ወደ ላይ እየገፋ ዳገት ፈጠረ። ባቡሩ እስከ እምብርቱ ይመጣና ተንፍሶ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ሦስት ጊዜ ሽሮ ወጥ ውስጥ ገብቷል።

"ሆድህን ሳብ!"

"ስቤ እኮ ነው።"

"ሠላሳ ዓመት ቁጭ ብለህ ስትጠብቅ ይሄው፣ ጉብታ አበቀልክ!"

ኋላ አትጠገብ በአህያ መቀነት ክቡን ከትከሻው ላይ አንጠለጠለችውና ተስተካከለ። ፊት ለፊት እምብርቱ ላይ ከክብሪት ቤት የተሠራ ጣቢያ አቆሙ። ጀርባው ላይ የዱቄት ጆንያ በሙጫ አድርቃ ተራራ ሠራችለት፤ ተራራውን ሰርስራም ዋሻ አወጣችለት። ይህን ጓንጉል ማየት አይችልም። ስለዚህ ባቡሩ ወደ ጀርባው በዞረ ቁጥር ትንፋሹን ይይዝና "ወጣ?" ይላል። እሷም ከኋላው ሆና "ወጣ" ትለዋለች። ያን ዓመት እነዚያ ባልና ሚስት ከዚህ ሌላ ብዙ አላወሩም፤ እንደዚያ ተደስተው የከረሙበት ዓመትም የለም።

በዓሉ ደረሰ። ጓንጉል አደባባዩ መሀል ቆሞ ሞተሩን ጠመዘዘና ለቀቀው። ባቡሩ ከእምብርቱ ተነሳ፤ በቀኝ ጎኑ ዞረ፤ ጀርባው ላይ ተራራው ውስጥ ገባ። ሕዝቡ አንገቱን አሰገገ። ዳቦ ጋጋሪውን የሚያጅቡት ውሾች እንኳ ዳቦውን ትተው ዞረው አዩት። በግራ ጎኑ ብቅ ሲል አንዲት አሮጊት እልል አለች።

"መጣ!" ብላ ጮኸች። "ሳልሞት መጣ!"

ከዚህ በኋላ የሆነውን ማንም አላሰበውም፤ ሁሉም ግን ትክክል መስሎት ነው ያደረገው። በሸንጎው መዝገብ ላይ "ባቡር የመጣበት ቀን" የሚል፣ ለሠላሳ ሁለት ዓመት ባዶ የቆየ መስመር ነበር። ባዶነቱ የሸንጎው ሁሉ ውርደት ነበርና ደምመላሽ "ልክ ነው" ብሎ መዝገቡን እዚያው አስመጥቶ የዚያን ዕለት ቀን ጻፈበት። ጓንጉል ተገላገልኩ ብሎ መቀነቱን ሊፈታ ሲል ያዙት።

"ምን እያደረጉ ነው?" አለ ደምመላሽ።

"ላወልቀው ነዋ። ልክ ነው አላችሁ አይደል?"

"አንድ ጊዜ የተከፈተ የባቡር መስመር ያለ ሸንጎ ውሳኔ አይወልቅም፣ ጋሽ ጓንጉል።" መቀነቱንም ቋጥረው በሰም አተሙበት።

መስመር ካለ ሠራተኛ ያስፈልጋል። የደምመላሽ አማች የፊት ጣቢያ ኃላፊ ሆነ፤ እምብርቱ ላይ ያለችውን የክብሪት ቤት ይጠብቃል። የዋሻ ተቆጣጣሪ ተሾመ። የደወል ሹም ተሾመ። የትኬት ሹም፣ የትኬት ሹሙ ምክትል፣ የጃንጥላ ሽቦ ጠባቂ፣ ሌሎችም ተሾሙ። የአሥራ አንድ ሰው እንጀራ በአንድ ሰው ወገብ ላይ ተንጠለጠለ። ከሁሉ የላቀው ሹመት የጀርባ ጣቢያ ኃላፊነት ነበር። ሥራው ባለመስመሩን በሄደበት እየተከተሉ፣ "ወጣ?" ሲል "ወጣ" ማለት ነው። ያ ሰው እኔ ነኝ። አሁን ታዘቡኝ።

ስምንት ወር እንዲህ ሄደ። ጓንጉል ገበያ ሲሄድ ባቡሩ ወደ ገበያ ተጓዘ ይባላል። ተሳፋሪዎች ትኬት ቆርጠው አንዳንድ ጣታቸውን የወንፊቱ ክብ ላይ አድርገው አብረውት በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ሲደርሱም ላባቸውን እየጠረጉ "ወይ ባቡር! ለካ እንዲህ ያደክማል" ይላሉ። ለቅሶ ቤት ሲገባ ሙሾው መሀል ቀስቃሽ ደወሉ ይጮህና አልቃሹ ሁሉ ሟቹ የተነሳ መስሎት ይደነግጣል።

ለጓንጉል ግን ጨዋታ አልነበረም። መተኛት ስለማይችል ግድግዳ ተደግፎ ያንቀላፋል። አትጠገብ ልታጎርሰው ስትል ክንዷ አይደርስም፤ በመጨረሻ ማንኪያ ከሸምበቆ ጋር አስራ ታጎርሰው ጀመር። አንድ ቀን ለፊት ጣቢያ ኃላፊው ማመልከቻ አስገባች። "ባሌን ማቀፍ ስለፈለግሁ መስመሩ ለጥቂት ጊዜ እንዲዘጋልኝ" ይላል። "ለጊዜው አይመችም" ተብሎ ተመለሰላት። እኔም ከመለሱት አንዱ ነበርኩ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ?

ጎንበስ ማለት ስላቃተው ማለዳ ማለዳ ሀዲዱ ላይ ጆሮዋን የምታደርገው እሷ ሆነች። እሱ ከአጠገቧ እንደ ምሰሶ ቆሞ "ምን ይላል?" ይላል። "ዝም ይላል" ትለዋለች። እሱም አረንጓዴውን ባንዲራ አንስቶ ይለማመዳል።

አንድ ማለዳ አትጠገብ ጆሮዋን ከብረቱ ላይ ሳታነሳ ቆየች።

"ምን ይላል?"

"ጓንጉል... ያጉረመርማል።"

ከጀርባው ሆኜ ያየሁትን በቃል ልነግራችሁ አልችልም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ከሰውዬው ላይ ወርዶ ሲሄድ አየሁት። "አረንጓዴውን አምጪልኝ" አለ፤ በእጁ ይዞት እንደነበር እንኳ ረስቶታል።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሸንጎው ዘንድ ደረሰ። ደምመላሽና የቀሩት አሥሩ ሹማምንት እየሮጡ መጥተው መድረኩ ላይ ተሰበሰቡ። ባቡሩ ገና ተራራው ሥር ነበር፤ ጭሱ ይታያል።

"አንድ ከተማ ሁለት ባቡር ምን ይሠራለታል?" አለ ደምመላሽ።

"የእኛ ሀዲድ ስፋቱ ሁለት ጣት ነው፤ ያኛው አይገጥምም" አለ የጃንጥላ ሽቦ ጠባቂው።

"መዝገቡም ሞልቷል። መጣ ብለን የጻፍነውን ዳግመኛ መጣ ልንል ነው?" አለ የፊት ጣቢያ ኃላፊው።

ሁሉም በሆዱ ያለውን ማንም አላወጣውም፤ እውነተኛው ከገባ አሥራ አንዳችንም ወደየነበርንበት ነው። ደምመላሽ ቀዩን ባንዲራ ከሳጥኑ አስወጥቶ ለጓንጉል ዘረጋለት።

"ይመልሱት።"

"ምን አሉኝ?"

"ቀዩን ያንሱና ይመልሱት ነው የምልዎት። አረንጓዴውን ቢያነሱ ግን ማኅተም እንደሰበሩ ይቆጠራል፤ ዛሬውኑ ከዚህ ቤት ይወጣሉ።"

ጓንጉል ቀዩን በግራ እጁ ተቀበለ። አረንጓዴው በቀኙ ነው። መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንገቱን ወደ እኔ ለማዞር ሞከረ፤ ጀርባው ላይ ያለው ተራራ አልፈቀደለትም።

"አንተ ከኋላ ያለኸው፣ ምን ትላለህ?"

"እኔ የጀርባ ጣቢያ ኃላፊ ነኝ፣ ጋሽ ጓንጉል" አልኩት። "የፊት ለፊቱ ጉዳይ አይመለከተኝም።"

እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አትጠገብ ግን ከሀዲዱ ዳር ሆና ጮኸች። "ቤቱን ገብስ ይውሰደው! አንሳለት!"

ጓንጉል ቀዩን ከእግሩ ሥር ጣለው። አረንጓዴውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት እንደተለማመደው፣ ከባርኔጣው በላይ ከፍ አደረገው። ባቡሩ ጥቁርና ትልቅ ነበር፤ ማናችንም እንዲያ ይሆናል ብለን አስበን አናውቅም። ፉጨቱ ደረታችን ውስጥ ገባ። ነፋሱ ከባዱን ተራራ ከጀርባው ገንጥሎ እኔ ፊት ላይ ለጠፈው። የጃንጥላ ሽቦው ተበተነ፣ የሰሙ ማኅተም ተሰነጠቀ፣ የሰርዲኑ ባቡር ተወርውሮ ትልቁ ሀዲድ ላይ ወደቀና ተጨፈለቀ። ጓንጉል ዓይኑን ከነፋሱ ጨፍኖ ነበር፤ ባንዲራውን ግን አላወረደም።

"ቆመ?" አለኝ።

ከፊቴ ላይ ጆንያውን አነሳሁ። የመጨረሻው ፉርጎ እየራቀ ነበር።

"አለፈ" አልኩት። በስምንት ወር አገልግሎቴ ከባድ ነገር የተናገርኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከመጨረሻው ፉርጎ መስኮት አንድ እጅ በሸራ የተጠቀለለ ነገር ወርውሮ ነበር። አትጠገብ አንስታ ፈታችው፤ መጽሐፍ ነው። "የአሠራር መመሪያ" ይላል። የመጀመሪያውን ገጽ ጮክ ብላ አነበበች።

"ቀይ ባንዲራ ሲነሳ ባቡሩ ይቆማል። አረንጓዴ ባንዲራ ሲነሳ ባቡሩ ሳይቆም ያልፋል።"

ደግማ አነበበችው።

"በየማለዳው..." አለ ጓንጉል። "በየማለዳው እየተነሳሁ ሂድ፣ እለፍ፣ አትቁም ስለው ነው የኖርኩት?"

መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ መሀል ላይ ሆድ ብሶት አለቀሰ። አትጠገብ መጽሐፉን ጥላ ሄዳ አቀፈችው። ክቡ ወድቋል፤ የሚከለክላት አልነበረም። ትከሻዋ ላይ ተደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ኃላፊነቴ ባይፈቅድም።

ደምመላሽ ግን መጽሐፉን ከመሬት አንስቶ ሲያነብ ፊቱ አመድ መሰለ። "ቀዩን አንስቶ ቢሆን ኖሮ..." አለ።

"ቆሞብን ነበር!" አለ የፊት ጣቢያ ኃላፊው።

ሸንጎው እዚያው ተቀመጠ። ጓንጉል ትእዛዝ ጥሷል፤ ባይጥስ ግን ከተማው በባቡር ተይዞ ነበር። ስለዚህ ምስጋና ይገባዋል ተባለ፤ ቤቱም ዕድሜ ልኩን ጸናለት። የወገቡ መስመር "ለጥገና ለጊዜው ተቋርጧል" ተብሎ ተጻፈና አሥራ አንዳችንም በየሹመታችን ቀጠልን። መመሪያውም ጸደቀ። ዳግመኛ አደጋ እንዳይደርስ፣ በየቤቱ ደጃፍ፣ በየጣሪያው፣ በየዛፉ አረንጓዴ ጨርቅ እንዲሰቀል ታወጀ። ዛሬ ከተማችንን ከሩቅ ብታዩዋት ታምራለች። ሰርግ ያለ ይመስላል።

የዚያኑ ሳምንት ጓንጉል ሚስቱን "ቀይ ጨርቅ አለሽ?" ብሎ ጠየቃት። አትጠገብ ለሠርጓ የለበሰችውን ቀይ ከፋይ ቀሚስ ከሳጥን አወጣች፤ ለመቀበሪያዬ ብላ ያስቀመጠችው ነበር። ሳታመነታ ቀደደችውና አንሶላ የሚያህል ባንዲራ አድርጋ ሰፋችው። አሁን ማለዳ ማለዳ ባልና ሚስት ሀዲዱ ዳር ጨርቁን ወዲህና ወዲያ ይዘው ይቆማሉ። ደምመላሽ አንድ ቀን መጥቶ "ምንድን ነው ይሄ?" ብሏቸው ነበር።

"ልብሴን አሰጣለሁ፤ ፀሐይ ላይ ማስጣት ተከለከለ እንዴ?" አለችው።

መዝገቡን አገላበጠ፤ የሚከለክል ሕግ አጣ፤ ሄደ።

ነፋስ ያለ ዕለት ጨርቁ ለሁለት ሽማግሌዎች ይከብዳል። እንደዚያ ያለ ዕለት እኔ ከኋላ ሆኜ ጫፉን እይዝላቸዋለሁ፤ የጀርባ ጣቢያ ኃላፊ ነኝ፣ ከኋላ መቆሙን ለምጄዋለሁ።

እንግዲህ ባቡር የሚነዳ ዘመድ ያላችሁ ንገሩልኝ። ከተራራው ሥር ሲወጣ ሙሉ ከተማ አረንጓዴ ለብሶ "እለፍ፣ እለፍ" ሲለው ያያል፤ አይስማው። ሀዲዱ ዳር አንድ ቀይ ቀሚስ አለ፤ እሱን ይፈልግ። እንኳን ደህና መጣህ የምንለው በእሱ ነው።